«እህቴ ከአሜሪካ ደውላ ‹እናታችንን እንዳታስከትቡ› አለችን»

በዚህ ዓምድ ስለ ፍቅር ተጫውተናል፣ ስለ ትዳር ተጨቃጭቀናል፣ ስለ ቅናትና ስለ አማት ጉድ ብዙ ተባብለናል። ዛሬ የማነሳላችሁ ጉዳይ ግን የልብ ሳይሆን የክንድ ነው። ስለ መርፌ! «ደግሞ ስለ መርፌ ምን ይወራል?» ትሉ ይሆናል። እስቲ ይህችን ደብዳቤ አንብቡና ፍረዱ። ጸሐፊዋ ስሜ እንዳይጠቀስ ብላለች፤ ባትልም አንጠቅሰውም።

«የወልድያ ልጅ ነኝ። እናታችን ስኳርም ደም ግፊትም ነበረባት። በ2013 ዓ.ም. የኮሮና ክትባት ከተማችን ሲገባ ጤና ጣቢያ ልወስዳት ተነሳሁ። የዚያኑ ዕለት ማታ ሜሪላንድ ያለችው ታላቅ እህቴ ደወለች። ‹እንዳታስነኳት! እዚህ እኛ ጥቁሮቹ አንወስድም ብለናል። እናንተ ላይ ሊሞክሩት ነው› አለች። እማዬም የልጇን ቃል ከሐኪም ቃል አበለጠችና ቀረች። ነሐሴ ላይ ወልድያ በጦርነቱ ተያዘች። ስልክ ተቋረጠ፣ መድኃኒት የሚባል ጠፋ። በጥቅምት 2014 እማዬን ትኩሳት ያዛት፣ ሳል ተከተለ፣ ትንፋሽ አጠራት፣ በስምንተኛው ቀን አረፈች። ኮሮና ይሁን ሌላ ማንም አልመረመራትም። እህቴ መርዶውን የሰማችው ከተማዋ ነጻ ከወጣች በኋላ ነው።

«የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። የአጎታችን ልጅ እንደነገረችኝ እህቴ የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ‹ያልተከተበ ሥራ አይገባም› ስላላት በሐምሌ 2013 ራሷ ተከትባ ነበር! ያኔ ስልክ ገና አልተቋረጠም። ለእኛ ግን ትንፍሽ አላለችም። ይኸው እስከ ዛሬ አላናግራትም። አሁን ደግሞ የ13 ዓመቷ ትንሿ እህታችን የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ትውሰድ ሲባል አባታችን ‹ልጄን መኻን አያደርጓትም› ብሎ ከልክሏል። ምን ላድርግ? እህቴንስ ይቅር ልበላት?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጥናሽ። የጠየቅሽኝ ሁለት ጥያቄ ነው፤ አንዱ የአባትሽ፣ ሌላው የእህትሽ። ሁለቱም ግን የተቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባል የለ? እንግዲህ መጀመሪያ ወደ ሥሩ እንውረድ።

ቡና ላይ የተወራው

ክትባቱ በገባ ሰሞን እኔም ወልድያ ነበርኩ። ታስታውሱ እንደሆነ በሽታው አገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013፣ ክትባቱ አዲስ አበባ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ተጀመረ። የመጣው አስትራዜኒካ የሚባለው ነበር፤ መጀመሪያ የገባው 2 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዶዝ ነው። ከዚያ ወደ ክልል ተከፋፈለ፣ ወደ እኛም ደረሰ።

ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩላችሁ። እንደ ወሎ ወግ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ረከቦት ከቦ ተቀምጧል። አቦሉ ሳይቀዳ ወሬው ተጀመረ። አንዷ «ያመክናል አሉ» አለች። ሌላዋ «የአሳማ ነገር አለበት» አለች። አንድ የተማረ ሰው፣ ያውም መምህር፣ «ፈረንጅ የጥቁርን ሕዝብ ለመቀነስ ያመጣው ነው፤ ለራሳቸው ሌላ ነው የሚወጉት» ብሎ ደመደመ። አንድ አዛውንት ደግሞ «ኮሮና የከተማ ሰውና የሀብታም በሽታ ነው» አሉና ሳቅን።

እኔ በዚያ ቡና ላይ አንድም ሞኝ አላየሁም። ሁሉም ልጁን የሚወድ፣ የሚያስብ ሰው ነው። አንድ ነገር ግን ልብ አልኩ። «ማን ነገረህ?» ሲባል «ሐኪም ነገረኝ» ያለ አንድም ሰው የለም። «ልጄ ከአሜሪካ ደውላ»፣ «ወንድሜ ከጀርመን ልኮልኝ»፣ «ቴሌግራም ላይ አይቼ» ነው መልሱ። ወልድያ ማለት እኮ ግማሽ ልቧ ውጭ አገር ነው። ከየቤቱ አንድ ሰው ጅዳ ወይ ሪያድ፣ ቤይሩት ወይ ዋሽንግተን አለ። ዶላሩም ሪያሉም የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ምክሩም የሚመጣው ከዚያው ነው። ብር የላከልንን ሰው ወሬ ደግሞ እንዴት እንጠራጠራለን?

ጥርጣሬው ከሰማይ አልወረደም

እህትሽን ለመፍረድ አትቸኩዪ። ሜሪላንድ ስትገባ ሐበሻ ብቻ አልነበረችም፤ ጥቁርም ሆናለች። የጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ ሆናለች። የእነሱን ቁስል ሰምታለች።

ቁስሉ ደግሞ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972፣ ድፍን 40 ዓመት፣ የአሜሪካ መንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት አላባማ ውስጥ ተስኪጊ በሚባል ቦታ 399 ቂጥኝ ያለባቸውን ድሃ ጥቁር ገበሬዎች በሽታቸውን በቅጡ ሳይነግር ይከታተል ነበር። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ሌሎች 201 ጤነኞች ነበሩ። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ፍቱን መሆኑ ሲታወቅ እንኳ ከለከሏቸው። ለምን? በሽታው እስከ ሞት ድረስ ምን እንደሚያደርግ ለማየት! ፕሬዚዳንት ክሊንተን በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወራ ይኖራል።

የእኛንም ወገኖች የነካ አለ። በጥር 1988 ዓ.ም. እስራኤል ውስጥ አንድ ጉድ ወጣ። ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ደም ሲለግሱ የደም ባንኩ «እናመሰግናለን» ብሎ ይቀበልና፣ ኤድስ ይኖርበታል በሚል ፍራቻ ለዓመታት በድብቅ ሲደፋው ኖሯል። ወደ 10 ሺህ ሰው ኢየሩሳሌም ላይ ሰልፍ ወጣ። አስቡት፣ ደምህን ሰጥተህ ሲደፋብህ! እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ደግሞ በቴሌቪዥን የቀረቡ ቤተ እስራኤላውያን ሴቶች፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዞ ሲጠብቁ የወሊድ መከላከያ መርፌ በቅጡ ሳይነገረን ወሰድን አሉ። የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር በወሩ፣ ሴቶቹ የመርፌውን ነገር መረዳታቸው ካጠራጠረ እንዳይታደስላቸው አዘዘ። በኋላ የመንግሥት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በግድ ተሰጠ የሚል ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። ወሬው ግን ያኔ ከሐበሻ ቤት ወደ ሐበሻ ቤት ሲዞር ከርሟል።

ይህ ሳያንስ ኮሮና በገባ በወሩ፣ በመጋቢት 2012 መጨረሻ፣ አንድ የፈረንሳይ ሐኪምና አንድ ተመራማሪ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው የሳንባ ነቀርሳው ክትባት ለኮሮና ይሠራ እንደሆነ አፍሪካ ላይ ይሞከር ብለው ተጨዋወቱ። ዓለም ጮኸ። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ሳይቀሩ የቅኝ ግዛት አስተሳሰብ ነው ብለው አወገዙት። ሐኪሙ ይቅርታ ጠየቀ። ቪዲዮው ግን ከይቅርታው ቀድሞ እያንዳንዱ ስልክ ውስጥ ገብቶ ነበር። እንግዲህ ክትባቱ ሲመጣ «አላልኳችሁም?» የሚል ሰው ቢበዛ ይገርማል?

የወሎስ የራሱ ቁስል የለም እንዴ?

ከባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። የአባትሽን ዕድሜ አላውቅም፤ ግን የወሎ ሰው ነውና የሚያስታውሰው አይጠፋም። በ1965 እና 66 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ስትረግፍ የጊዜው መንግሥት ደብቆ ነበር። በ1977 እና 78 ደግሞ የሰፈራው ጊዜ መጣ። ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ ተጋዘ፤ ብዙው የወሎ ሰው ነው። ወዶ የሄደ አለ። እህል ሊቀበል መጥቶ በመኪና የተጫነም አለ። በዚያ ዘመን ከእርዳታ ጣቢያ የሸሸ ረሃብተኛ ነበር፤ ምግቡን ጠልቶ አይደለም፣ ከምግቡ ኋላ የቆመውን መኪና ፈርቶ ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ነው ነገሩ። እንዲህ ያሳለፈ አባት ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው «ልጅህን አምጣ» ሲለው ቢያመነታ ጅል አይባልም።

ሌላም አለ። «መርፌ ያመክናል» የሚለው ወሬ ለምን በእኛ አገር ቶሎ እንደሚያዝ አስባችሁ ታውቃላችሁ? በአገራችን ብዙ ሴቶች የሚጠቀሙበት የወሊድ መከላከያ በየሦስት ወሩ የሚወሰደው መርፌ ነው። እናቶቻችን ፊት «መርፌ ጀመረች» ከተባለ ልጅ ማቆሟ ነው። ስለዚህ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት መርፌ ልትወጋ ነው፣ ያውም ለማኅፀን በር፣ ሲባል አባቷ ምን እንዲያስብ ነው የምንጠብቀው? የሁለቱን መርፌ ልዩነት ቁጭ ብሎ ያስረዳው ሰው ከሌለ የራሱን ትርጉም ይሰጠዋል፤ በቃ።

እሺ፣ መርፌውስ ምን ነበር?

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር» ይላሉ አበው። ጠርጥር አሉ እንጂ ገንፎውን ድፋ አላሉም! ስንጥሩን ፈልጎ አውጥቶ ገንፎውን መብላት ነው። እስቲ እንፈልገው።

«እናንተ ላይ ሊሞክሩት ነው» ለሚለው፦ እንግሊዝ አገር በበሽታው ላይ መከተብ በሰፊው የተጀመረው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 8 ቀን 2020 ነው። እኛ ዘንድ ሲጀመር ዓለም ላይ ከ300 ሚሊዮን በላይ ዶዝ ተሰጥቶ አልቋል። አብዛኛው የተሰጠው ደግሞ ሀብታም አገሮችና ትልልቆቹ አገሮች ውስጥ ነው። የእኛ ችግር ቀድሞ መሞከሪያ መሆን አልነበረም፤ ከሰልፉ መጨረሻ መቆም ነበር። እ.ኤ.አ. 2021 ሲያልቅ ከአፍሪካ ሕዝብ ክትባቱን ጨርሶ የወሰደው ከመቶ አሥር እንኳ አይሞላም። አሁን የተስኪጊን ታሪክ መለስ ብላችሁ አንብቡት። እነዚያ ሰዎች የተጎዱት መድኃኒት ስለተሰጣቸው ነው? አይደለም! ስለተነፈጋቸው ነው። ከተስኪጊ የምንማረው «መድኃኒት ሲመጣ ሽሽ» የሚለውን ሳይሆን «የሚገባህን አትነፈግ፣ የሚሰጡህንም ጠይቀህ ተቀበል» የሚለውን ነው።

«አሜሪካ ለራሷ ያልተጠቀመችውን ሰጡን» ለሚለው፦ ይህ እውነት አለው። አስትራዜኒካን አሜሪካ አልተጠቀመችበትም፤ ቀድማ የፈቀደቻቸው ሌሎች ሦስት ክትባቶች ነበሯት። እንግሊዞቹ ግን በሚሊዮን እየሆኑ የተከተቡት እሱን ነው፤ የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ቦሪስ ጆንሰን ሳይቀሩ። ለእኛ የተመረጠበት ምክንያትም ምስጢር አይደለም። ዋጋው ይቀንሳል፣ በተራ ማቀዝቀዣም ይቀመጣል። ፋይዘር ያኔ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ይፈልግ ነበር። መብራት እየመጣች በምትሄድበት አገር የትኛው ይሻላል?

«ደም ያረጋል» ለሚለው፦ ይህም ከመሬት ተነስቶ የተወራ አይደለም። ዴንማርክ ክትባቱን ያቆመችው እኛ ልንጀምር ሁለት ቀን ሲቀረን ነው። ጀርመንና ፈረንሳይም ለጊዜው አቆሙ። በኋላ ሲጣራ ብዙም ያልተለመደ፣ ነገር ግን አደገኛ የደም መርጋት በመቶ ሺህ ሰው አንድ ወይም ሁለት ላይ እንደሚያደርስ ተረጋገጠ። ስኳርና ግፊት ላለባት እናት ግን የኮሮናው አደጋ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ሚዛኑ ይህ ነው። ይህን ሚዛን በወቅቱ በአማርኛ፣ በረጋ ድምፅ፣ ቤት ድረስ መጥቶ ያስረዳ ሰው ስንት ነበር? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው።

«የአሳማ ነገር አለበት» ለሚለው፦ ይኸው ወሬ እንግሊዝ አገር ባሉ ሙስሊሞችም ዘንድ ገብቶ ነበር። ፋይዘርም፣ ሞደርናም፣ አስትራዜኒካም ከእንስሳ የተሠራ ነገር የለባቸውም። የሙስሊም ሐኪሞች ማኅበር ይህን አብራራ፣ መስጊዶች ራሳቸው መከተቢያ ጣቢያ ሆኑ። «ያመክናል» የተባለውም ሲጠና አልተገኘም፤ ከተከተቡ በኋላ ያረገዙ ሴቶች ስፍር ቁጥር የላቸውም።

በጩኸት ፈራን፣ በሹክሹክታ ተከተብን

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። የአሜሪካ ጥቁሮች መጀመሪያ ላይ ወደ ኋላ ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ በነጮችና በእነሱ መካከል የነበረው ልዩነት ሰፊ ነው። ዓመቱ እየገፋ ሲሄድ ግን ልዩነቱ በጣም ጠበበ። ምን ተገኘ? የሚያምኑት ሰው በግልጽ ተናገረ። የሞደርናን ክትባት ካበጁት ሳይንቲስቶች አንዷ ዶክተር ኪዝሜኪያ ኮርቤት የምትባል ወጣት ጥቁር ሴት ናት፤ በየቤተ ክርስቲያኑ እየቀረበች ጥያቄ ስትመልስ ከረመች። በሰኔ ወር ደግሞ መንግሥት የጥቁሮችን ፀጉር ቤቶች ይዞ ዘመቻ ጀመረ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ይዞ ያወራል፣ ደንበኛው ይጠይቃል፣ አንዳንዱ እዚያው ወንበሩ ላይ ክንዱን ይሰጣል። ፀጉር ቤት! እዩት እንግዲህ፣ ወሬው የሚፈላበት ቦታ መልሱም ሲገባበት ምን እንደሚሆን።

እኛስ? እኛ ፍርሃታችንን በድምፅ ማጉያ አወራን፣ መከተባችንን ግን በሹክሹክታ አደረግነው። ስንቱ ነው «አትውሰዱ» ብሎ ለአሥር ሰው ደውሎ በኋላ ለሥራው፣ ለቪዛው፣ ለጉዞው ብሎ ሄዶ የተከተበው? ሳዑዲ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ያልተከተበ ሰው ሥራ ቦታም ገበያ አዳራሽም እንዳይገባ ስትል ጅዳና ሪያድ ያሉ እህቶቻችን ተሰልፈው ወሰዱ። አንዷ ደውላ «እማ፣ ወሰድኩት፣ ክንዴን ትንሽ አመመኝ፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም» ብላ ለእናቷ ነግራ ቢሆን ኖሮ ከአሥር ፖስተር ይበልጥ ነበር። አንዳንዶቹ ተናግረዋል። ብዙዎቹ ግን ዝም አሉ። ምክንያቱም «ያኔ አትውሰዱ ስትይ አልነበር?» መባልን ሰው ያፍራል። እኔ የእህትሽንም ዝምታ ከዚሁ የማየው ነኝ።

በአገራችን በመዝገብ የተያዘው የኮሮና ሟች ከ7 ሺህ 500 በላይ ነው። ሳይመረመር ያለፈው፣ እንደ እናትሽ ያለው፣ በዚህ ውስጥ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው አብቅቷል ያለው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በሽታው ቀዝቅዟል። ጥርጣሬው ግን አልቀዘቀዘም፤ ከአሮጊቶቹ ክንድ ወርዶ አሁን የልጃገረዶቹ ክንድ ላይ ተቀምጧል። ለዚህ ነው የአባትሽ ጉዳይ የሚያሳስበኝ።

ለአባትሽ ምን ትያለሽ?

አንደኛ፣ አትሟገቺው። «አባዬ፣ ያልገባህ ነገር ነው» ካልሽ አለቀ፣ ጨዋታው ፈረሰ። «አባዬ፣ የሚያስፈራህ ምኑ ነው?» በይውና ዝም ብለሽ ስሚው። እስኪጨርስ። ሰው የልቡን ሳይናገር የሌላውን ቃል የሚያስገባበት ቦታ የለውም።

ሁለተኛ፣ እውነቱን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ንገሪው። ይህ ክትባት የወሊድ መከላከያ አይደለም። ውስጡ በሽታ የሚያመጣ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለም፤ የቫይረሱን ቅርፊት የሚመስል ነገር ብቻ ነው፣ ሰውነት ጠላቱን አስቀድሞ እንዲያውቀው። ዓለም ላይ መሰጠት ከጀመረ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ ከ140 በላይ አገሮች ይሰጡታል። በእኛ አገር በ2011 ዓ.ም. በ14 ዓመት ልጆች ተጀመረ፣ በኅዳር 2017 ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች አገር አቀፍ ዘመቻ ተደረገ። አሁን አንድ ጊዜ ብቻ መወጋት ይበቃል ተብሏል። እንግሊዝ አገር በ12 እና 13 ዓመታቸው የተከተቡ ልጆች ሲያድጉ ሲታዩ የማኅፀን በር ካንሰር በእነሱ ዘንድ በ87 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የሚያስከትለውንም አትደብቂ፦ ክንድ ያማል፣ ትኩሳት ቢጤ ሊኖር ይችላል፣ አንዳንዷ ልጅ መርፌ ፈርታ ትወድቃለች። ለዚህ ነው ከተወጉ በኋላ 15 ደቂቃ ቁጭ በሉ የሚባለው።

ሦስተኛ፣ ይህችን አንዲት ነገር ጥሩ አድርገሽ ንገሪው። ልጁ መኻን እንዳትሆን ነው የሚፈራው? መኻን የሚያደርገው ክትባቱ ሳይሆን በሽታው ነው! የማኅፀን በር ካንሰር የያዛትን ሴት ብዙ ጊዜ ማኅፀኗን አውጥተው ወይም በጨረር ነው የሚያክሟት። ዓለም ላይ በዓመት ወደ 350 ሺህ ሴት ይገድላል። በአገራችን ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን የሚያጠቃው እሱ ነው። አባትሽና ክትባቱ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ልጅቷ በሰላም አድጋ፣ ወልዳ፣ ስማ እንድትኖር።

አራተኛ፣ ብቻሽን አትውጪው። የሰፈራችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አባትሽ ያውቃታል? የማን ልጅ እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣች? ቡና አፍልተሽ ጥሪያት። በዘመቻ ቀን፣ በሰው ፊት አይሁን። በርጋታ፣ በቤቱ፣ ጥያቄውን ሳያፍር የሚጠይቅበት። የሚሰማቸው ቄስ ወይም ሼኽ ካሉም እሳቸውም ይኑሩ።

አምስተኛ፣ ትንሿን አትርሷት። 13 ዓመቷ ነው፣ ጆሮ አላት። በክንዷ ላይ ሲወሰን እሷም ትጠየቅ። የትምህርት ቤቱ ቀን ቢያልፋትም ዕድሜዋ ሳያልፍ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ።

እህትሽስ?

እማዬ ብትከተብ ትተርፍ ነበር ብዬ አልምልልሽም። የሚምል ካለም አትመኚው። የመትረፍ ዕድሏ ይሰፋ ነበር ማለት ግን እችላለሁ፤ ለዚህ ነው ቁጣሽ አግባብ ያለው። ኦክስጅንና ሐኪም ያሳጣትን ጦርነት ግን እህትሽ አላመጣችውም። «እንዳታስነኳት» ስትልም እናቷን ለመግደል አልነበረም፤ በሰማችው ታሪክ ፈርታ፣ ከሩቅ አገር ሆና ልትጠብቃት ነው። ያጠፋችው ሌላ ነው። የፈራችውን ነግራችሁ፣ የፈራችው እንዳልደረሰባት ሳትነግራችሁ ቀረች።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ደውዪላት። ለመውቀስ ከሆነ አንድ ጊዜ ውቀሻትና ይውጣልሽ። ከዚያ አንድ ነገር ጠይቂያት፦ «ለአባዬ ደውዪና በገዛ አፍሽ ‹እኔም ተከትቤያለሁ፣ ደህና ነኝ› በዪው። ትንሿ እህታችን ያንቺን አፍ እየጠበቀች ነው።» አባትሽ የእኔን ጽሑፍ አያነብም። የሐኪሙንም ቃል ይጠራጠር ይሆናል። የበኩር ልጁን ድምፅ ግን ይሰማል። ወሬው የገባው በዚያ ስልክ ነው፤ መውጣት ያለበትም በዚያው ስልክ ነው። ለእናታችሁም ከተዝካር ያላነሰ ተዝካር ይሆናል።

እናንተም ጎበዞች! ስልኩን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። በቤታችሁ ከሳዑዲ የመጣውን ድምፅ፣ ከአሜሪካ የመጣውን ቪዲዮ ለእማማና ለአባባ ከፍታችሁ የምታሰሙት እናንተ ናችሁ። ጠርጥሩ፣ መብታችሁ ነው። የጠረጠራችሁትን ይዛችሁ የሚያውቅ ሰው ዘንድ ሂዱ። መልሱን ያገኛችሁ ቀን ደግሞ ጥርጣሬውን ለነገራችሁት ሰው ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ ደውሉ።